የሠሪዋ እጅ የሚታይባት ብስክሌት

(በደብረ ብርሃን ለብረታ ብረት ሥራ ሠልጣኞችና ለብስክሌት ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ውርጭ የሞቀ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ከገባችሁ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብስክሌት ስታዩ ነበር። አንድ ልጅ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ፍሬኗ የት ሄደ?» አለኝ። ከሠሪዋ እጅ ስትወጣም ፍሬን አልነበራትም። ማርሽ መቀያየሪያ የላትም፣ ጭቃ መከላከያ የላትም፣ ማቆሚያ እግር የላትም። አንድ ካቴና፣ አንድ ኮርቻ፣ ወደ ታች የታጠፈ አንድ ማኑብሪዮ፣ ሁለት ጎማ፤ በቃ። የተሠራችው ለአንድ ሥራ ነው፤ ቬሎድሮም በሚባል፣ ኩርባዎቹ ወደ ላይ በተቃኑ ሞላላ መም ላይ ለመወዳደር። በዚያ መም ላይ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ፍሬን ይዞ ድንገት ቢቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ ይከመሩበታል። ስለዚህ እዚያ ፍሬን የሚቀረው ለደኅንነት ሲባል ነው።

ይህቺን ብስክሌት እወዳታለሁ። ብዙ ሰው ብስክሌት የሚወደው ለፍጥነቱ ነው፤ እኔ ይህቺን የምወዳት ሠሪዋ በየመገጣጠሚያዋ ላይ ስለሚታየኝ ነው። ሰውየውን አግኝቼው አላውቅም፤ ሞረዱን የት ላይ እንዳቆመ ግን በጣቴ ዳስሼ አውቃለሁ። ብረት ለምትቆርጡና ለምትበይዱ ለእናንተ ይህን ፍቅሬን ላስረዳ የመጣሁትም የእሱ ሥራ ከእናንተ እጅ የማይርቅ መሆኑን ስለማምን ነው። በአገራችን የብረት ሠራተኛ ምን ያህል እንደተበደለ ደግሞ ታውቃላችሁ። እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሯን ልንገራችሁ። በተለመደው ብስክሌት ቁልቁለት ሲመጣ እግራችንን እናሳርፋለን፤ ጎማው ለብቻው ይሽከረከራል። በዚህች ላይ ዕረፍት የለም። የኋላ ጥርሷ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ የታሰረ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፣ እግርም አብሮ ይዞራል። ፍጥነት ለመቀነስ የሚዞረውን ፔዳል በእግራችሁ ወደ ኋላ እየተቋቋማችሁ ቀስ በቀስ ታበርዱታላችሁ። ይህ ወደ ኋላ የሚገፋ ጉልበት የኋላውን ጥርስ እንዳይፈታው የተበጀው ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። ጥርሱ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ ነው፤ በላዩ ላይ የሚታሰረው ቀለበት ደግሞ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። እግራችሁ ወደ ኋላ ሲገፋ ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፤ ሊፈታ በሞከረ ቁጥር ግን ቀለበቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሊያፈርሳት የመጣው ኃይል ራሱ ያስራታል።

የኋላ ጎማዋ የሚገባበትን ቦታ ተመልከቱ። አፉ የተከፈተው ወደ ኋላ ነው። ካቴናውን የሚወጥርላት ሌላ መሣሪያ ስለሌላት ካቴናው ሲላላ ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። ፔዳሎቿ የተሰኩበት ማዕከልም ከመንገድ ብስክሌት ከፍ ይላል። ኩርባው ላይ ተጋድማችሁ ስትሄዱ እግራችሁን ማቆም ስለማትችሉ የታችኛው ፔዳል መሙን መንካት የለበትም። የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለቱ ጎማዎቿም ተቀራርበዋል፤ ስለዚህ ማኑብሪዮውን በትንሹ ስትነኩት ወዲያው ትታዘዛለች።

የፊት ጥርሷ 48፣ የኋላው 16 ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው 3 ጊዜ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ 6.3 ሜትር ትሄዳላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እግራችሁ በደቂቃ 106 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። አሁን ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ቁልቁለቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢያስኬዳችሁ እግራችሁ በደቂቃ 159 ጊዜ ሊዞር ነው፤ እግር ማውጣት የለም፣ ማቆሚያ የለም፣ ከፊት ደግሞ የጭነት መኪና አለ። ማንም እንዳይሞክረው እለምናችኋለሁ። ፍሬን የሌለው ብስክሌት በደሴ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። እኔ መንገድ ስወጣ የራሷን ሹካ አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጥና ፍሬን የሚቀበል ሌላ ሹካ አስገባላታለሁ። ፍሬን ለመግጠም የራሷን ሹካ በመሰርሰሪያ መብሳት ይቻል ነበር፣ ሰዎችም መክረውኛል። እኔ ግን ሰው በጥንቃቄ የሠራውን ነገር መብሳት አልሆንልህ አለኝ። ዛሬ ለእናንተ ለማሳየት የራሷን መልሼላታለሁ።

እዚህ ላይ የጥርስ ሒሳብ ለምትወዱ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። 48 ለ16 ያለ ትርፍ ይካፈላል። ነጂው በአንድ በሚመርጠው እግሩ የኋላውን ጎማ ቆልፎ እያንሸራተተ የሚያቆም ከሆነ ሁልጊዜ መሬት የሚነካው የጎማው ያው አንድ ቦታ ነው፤ ቀሪው አዲስ ሆኖ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው ያልቃል። የኋላውን ጥርስ 17 ብታደርጉት የሚበላው ቦታ ወደ 17 ይከፋፈላል። የአንዲት ጥርስ ልዩነት ነው።

ያገኘኋት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ጣሊያን ሄደው ሳለ፣ ሚላኖ አካባቢ ካለ ትንሽ ወርክሾፕ በልካቸው አሠርተዋት ይዘዋት የተመለሱ ናቸው። ሠሪው የእግራቸውን፣ የክንዳቸውንና የወገባቸውን ልክ ወስዶ ነበር የሠራላቸው። ቁመታችን ተቀራራቢ ሆኖ ነው እኔንም የተስማማችኝ። ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅላት፤ ንዳት» አሉኝ። «እሺ አባባ፣ እነዳታለሁ» አልኳቸው።

ከጊዜ ብዛት ጽሑፎቿ ሁሉ ተፍቀው የሠሪው ስም ዛሬ በላይዋ የለም። ቢሆንም በካሊፐር ለክታችሁ ብዙ ታሪኳን ማንበብ ትችላላችሁ፤ ሠልጣኞች ይህን ልብ በሉልኝ። የፔዳሉ ማዕከል የሚገባበት በርሜል ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የጣሊያን ልክ ነው፤ የእንግሊዞቹ 68 ነው። በጣሊያኑ በሁለቱም ጎን ያሉት ክዳኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፤ በእንግሊዙ የቀኙ ጎን የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ምክንያት የጣሊያኑ የቀኝ ክዳን በፔዳል ብዛት የመላላት ጠባይ አለው፤ አጥብቆ ማሰር ይፈልጋል። የኋላ ጎማዋ የሚገባበት ክፍተት 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመም ብስክሌት ልክ። የኮርቻዋ ዘንግ ውፍረቱ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ በውጭ በኩል 28.6 ይለካል። ልዩነቱን ለሁለት ብታካፍሉት የቱቦው ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገለጥላችኋል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነው። ሹካዋን ሳወጣ ደግሞ በግንዱ ላይ የርግብ ማኅተም፣ በውስጡ ጠመዝማዛ ሸንተረሮች አገኘሁ። ያ እ.ኤ.አ. በ1919 ሚላኖ ውስጥ የተመሠረተው የኮሎምበስ ቱቦ ምልክት ነው።

የእነዚህ ቱቦዎች ጥበብ ከውጭ አይታይም። ከክሮምና ሞሊብዲነም ጋር ከተቀላቀለ ብረት የተሳቡ ናቸው። የዋናዎቹ ቱቦዎች ግድግዳ ጫፍና ጫፉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ግን 0.6 ነው። እሳት የሚያርፈውና ጭነት የሚበዛው ጫፎቹ ላይ ስለሆነ እዚያ ወፈር ተደርጎ፣ መሐሉ ለክብደት ሲባል ተቀንሷል። ቱቦውን በጥፍራችሁ ብትመቱት መሐሉና ጫፉ የሚሰጠው ድምፅ ይለያያል። ቆይታችሁ ትሞክሩታላችሁ፤ በጥፍር ብቻ ግን፣ በቁልፍ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ቱቦዎቹ የተገናኙት እናንተ በየቀኑ እንደምትበይዱት ብረቱን ራሱን በማቅለጥ አይደለም። በየመገጣጠሚያው ላይ ቱቦዎቹ የሚገቡበት የብረት እጅጌ አለ። ቱቦው በእጅጌው ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሆነ ክፍተት ይቀራል። ሠሪው በጋዝ እሳት እጅጌውንና ቱቦውን አብሮ ያሞቃል፤ ከዚያ የነሐስ ወይም የብር ዘንግ ያስነካዋል። ነሐሱ ወደ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የብር ቅይጥ ደግሞ ወደ 650 እና 700 አካባቢ። ብረቱ የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቱቦው አይቀልጥም፣ አይጎዳም። የቀለጠው ብር በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ጋዝ በኩራዝ ፈትል እንደሚወጣው፣ ራሱ ይሳባል። ሠሪው እሳቱን ከወዲያ በኩል ሲያሳየው ብሩ ሙቀቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ይታያል። ያቺ መስመር በዙሪያው ሳትቋረጥ ከታየች ውስጡ ሞልቷል ማለት ነው።

እሳቱ ቢበዛ ስስ የሆነው ቱቦ ይቃጠላል፣ ብረቱ ባሕርዩን ይለውጣል። ቢያንስ ብሩ ከላይ ተንጠባጥቦ ይቀርና ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ከውጭ የተያያዘ የሚመስል ግን አንድ ቀን የሚለቅ መገጣጠሚያ ይወጣል። ሙቀቱን የሚነግረው ቴርሞሜትር አይደለም። የብረቱ ቀለም ነው፣ ለማጽጃ የተቀባው ቦራክስ ጥርት ብሎ መፍሰሱ ነው፣ ዓይኑ ነው። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ደግሞ ሞረዱን አንስቶ የእጅጌዎቹን ጠርዝ ወረቀት እስኪያክል ያሳሳዋል። ነገሩ ለውበት ብቻ አይደለም። ወፍራም ጠርዝ ስሱ ቱቦ ላይ ድንገት ሲያበቃ ጭነቱ ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ይሰበሰብና ከጊዜ በኋላ ይሰነጥቀዋል፤ ጠርዙ እየሳሳ ከሄደ ጭነቱ ቀስ ብሎ ይተላለፋል። ከኮርቻው ሥር ያለውን እጅጌ በኋላ ቅረቡና እዩት። ጫፉ እንዴት እንደሾለ፣ ግራና ቀኙ እንዴት እኩል እንደሆነ። ከዚያ ብስክሌቷን ገልብጡና ከፔዳሉ ማዕከል ሥር እዩ። ውኃ እንዲወጣ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጠርዟን ዙሪያዋን አለስልሶታል። ማን ያየዋል ብሎ ነው? ጭቃ ብቻ በሚያየው ቦታ ላይ ያን ያህል መድከሙን ባሰብኩ ቁጥር ለዚያ ሰው ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

እንግዲህ ቀለም አይቶ ሙቀትን ማወቅ ለሸዋ አዲስ ነገር ነው ወይ? መንዝ ወይም ተጉለት ውስጥ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ የቆመ ሰው መልሱን ያውቃል። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ የብረቱ ቅላት በጠራራ ፀሐይ አይለይምና። ረዳቱ ወናፉን ይነፋል፣ ቀጥቃጩ ከሰሉ ውስጥ ያለውን ማረሻ ያያል፤ ማረሻው ቀልቶ፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ ሲያደላ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ ያሳርፈዋል። ማንም ዲግሪ አልነገረውም። መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነክረው፣ መቼ እንደማይነክረው፣ ስለቱ እንዳይሰባበር ስንት ጊዜ ወደ እሳት እንደሚመልሰው ከአባቱ እጅ ያገኘው ዕውቀት ነው። ሚላኖ ያለው ሠሪና የመንዙ ቀጥቃጭ ቋንቋ ሳይኖራቸው በእሳት ፊት ይግባባሉ ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ የተሰጣቸው ክብር ነው። እዚያ ሠሪው ስሙን በቱቦው ላይ ይጽፋል። ማዚ፣ ዴ ሮዛ፣ ኮልናጎ እያልን የምንጠራቸው ብስክሌቶች የሰው ስሞች ናቸው፤ ባለ እጆች ናቸው። የፋሊዬሮ ማዚ ወርክሾፕ ሚላኖ ካለው የቪጎሬሊ ቬሎድሮም ሥር ነበር፤ ተወዳዳሪዎች ከመሙ ወርደው እሱ ዘንድ ይገቡ ነበር። እዚህ ግን ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ አርሶበት፣ ከበላ በኋላ «ቡዳ» ብሎ የሚሰድበው ሕዝብ ነበር የከበበው። ከማዕዱ አያስጠጋውም፣ ልጁን አያጋባውም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በደሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ብዙ ዘመን ቆየ። ከእናንተ መካከል አያቱ በዚህ የተሰደቡበት ልጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። ያ ልጅ ይህቺን ብስክሌት ቀና ብሎ እንዲያያት እፈልጋለሁ፤ ከሁላችንም ይልቅ እሱን ነው የምትቀርበው።

የዚህ ዓይነት ብስክሌት እስከምን ሊያደርስ እንደሚችል ደግሞ እንይ። በብስክሌት ዓለም «የሰዓት ክብረ ወሰን» የሚባል ፈተና አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ማርሽ፣ መም ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻውን፤ የሚለካው የሄደበት ርቀት ነው። ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ መሐል ቪጎሬሊ ላይ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ክብረ ወሰኑ እስከ 1956 ቆይቶ ፈረንሳዊው ዣክ አንክቲል እዚያው መም ላይ 46 ኪሎ ሜትር ከ159 ሜትር አደረሰው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1972 ቤልጂጋዊው ኤዲ ሜርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሄደ። ብስክሌቱን የሠራለት ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነው፤ ከብረት ቱቦ የተሠራ ሆኖ ክብደቱ 6 ኪሎ አይሞላም ነበር። ጥርሶቹ በፊት 52 በኋላ 14። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ብስክሌት ማኅበር የሜርክስን ዘመን በሚመስል መሣሪያ እንዲሞከር ደንብ ሲያወጣ፣ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን ማንቸስተር ላይ 49 ኪሎ ሜትር ከ441 ሜትር ሄደ። በ28 ዓመት ውስጥ የተጨመረው 10 ሜትር ነው።

ሜርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለምን ይመስላችኋል? ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ይሳሳል። በዚያ ፍጥነት ደግሞ የብስክሌተኛ ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። በእርግጥ ስስ አየር ለሳንባ ይከብዳል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ ግን ልዩነቱ እንደሚያዋጣው አስልቶ ነበር። አሁን የተቀመጣችሁበትን ቦታ አስቡ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከሜክሲኮ ሲቲ ይበልጣል። አየራችን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሳንባችን ደግሞ እዚሁ ያደገ ነው፣ ትንፋሽ አያጥረንም። የሌለን መሙ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቬሎድሮም የለም። ጫጫ አጠገብ ያለውን ሜዳ ባየሁ ቁጥር፣ 250 ሜትር የሆነ ኮንክሪት፣ ኩርባው በወጉ የተቃና፣ ብዬ አስባለሁ። ይህን ስል ሰው ሲስቅ አይቻለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልተውኩትም።

ለብስክሌት ውድድር እንግዳ ሕዝብ አይደለንም እኮ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እግሩስ አለን።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሁሉም ካርቦን ሆኗል፤ ብረት ያለፈበት ነው» የሚለኝ ወጣት አለ። ለውድድር ካርቦን ይቀልላል፣ አየርም በደንብ ይቆርጣል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጃፓኖች ኬይሪን የሚባል የመም ውድድር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮኩራ ከተማ የጀመረ፣ ሕዝቡ ገንዘብ የሚወራረድበት ውድድር ነው። የወንዶቹ ውድድር እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚካሄደው ደንቡን በሚያሟላ፣ በእጅ በተሠራ የብረት ብስክሌት ነው። ገንዘብ ስላለበት ሁሉም ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ በእግሩ ብቻ እንዲለይ ይፈለጋል። በዚህ ምክንያት በዚያ አገር ትንንሽ የብስክሌት ሠሪ ወርክሾፖች ሥራ አላጡም።

የብረት ትልቁ ነገር ግን ለእኔ ሌላ ነው፤ ይጠገናል። ከጥቂት ዓመት በፊት ከፔዳሉ ማዕከል ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው የቀኝ ቱቦ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ፀጉር የምታህል የዝገት መስመር አየሁ። ቀለሙን ስፍቅ ስንጥቅ ሆነ። ልቤ ደነገጠ። ኤሌክትሪክ ብየዳ የሚሠሩ ጥሩ ባለሙያዎች ዘንድ ወሰድኳት፤ ቱቦውን አይተው «ይህን ብንነካው ይበሳል» ብለው መለሱኝ። እውነታቸውን ነው፤ የመስኮት ፍሬም የሚበየድበት ኤሌክትሮድ በዚህ ስስ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ነው የሚያወጣው። መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ከፍሪጅ ጠጋኝ።

አስቡት፤ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ምንድን ነው? ስስ ቱቦ በቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ሳያቃጥል አሙቆ፣ ጋዝ እንዳያሾልክ በቅይጥ ያያይዛል። ሚላኖ ያለው ሰውዬ ሥራ ነው! ብስክሌቷን ሳሳየው ገለባበጣትና «ይህ እኮ የኔ ሥራ ነው» አለኝ። ደግሞም ጠንቃቃ ነበር። መዳብን ከመዳብ የሚያያይዝበት ፎስፎረስ ያለው ዘንግ ብረት ላይ እንደማይሆን ነገረኝ፤ ፎስፎረሱ ከብረት ጋር ሲገናኝ መገጣጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። መዳብን ከብረት ለማያያዝ የሚያስቀምጠውን፣ ብር የበዛበትን ዘንግና ማጽጃውን አወጣ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በሳን፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ መሄዱን ያቆማልና። ከዚያ ከስስ ብረት ትንሽ እጅጌ ቆርጠን፣ በሞረድ ልኩን አስተካክለን፣ ስንጥቁን ሸፍነን አለበስነው። እሳቱን ሲያስጠጋው እኔ ቆሜ ሳይ፣ ማጽጃው ጠራ፣ ብሩ ገባ፣ በወዲያኛው ጠርዝ ያቺ ቀጭን መስመር ወጣች። በዙሪያው ሳትቋረጥ።

እዚያ ቦታ ላይ ቀለም አልቀባሁበትም። ቫርኒሽ ብቻ ነው ያለው፤ ቀርባችሁ ታዩታላችሁ። የጣሊያኑ ሥራና የደብረ ብርሃኑ ሥራ ጎን ለጎን ናቸው። እስካሁን አልላላም፣ አልጮኸም፤ እየነዳኋት ነው።

ስለ አያያዟ ትንሽ ልበል፤ አሮጌ የብረት ብስክሌት ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። የብረት ጠላት ከውስጥ ነው። የእኛ አገር ሌሊት ውርጭ ነው፤ የቀዘቀዘ ብረት ሙቅ ቤት ሲገባ ያልበዋል፣ በቱቦው ውስጥም ርጥበት ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ በየማሳችን አለ፤ ተልባ። የተፈላ የተልባ ዘይት በቱቦዎቹ ውስጥ ታፈሳላችሁ፣ ብስክሌቷን በየአቅጣጫው ታገላብጣላችሁ፣ ትርፉን ታንጠፈጥፋላችሁ። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀስ እያለ ይደርቅና ብረቱን የሚሸፍን ስስ ልባስ ይሆናል። የውጭ አገር ብስክሌት ሠሪዎችም ይጠቀሙበታል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተቆለለ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ጎማዎቿ ደግሞ ከለመንዳሪው በውስጡ የተሰፋበት ዓይነት ናቸው፤ ቸርኬው ላይ የሚጣበቁት በማስቲሽ ነው። ማስቲሹ በቸርኬውም በጎማውም ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይደገማል፤ መጨረሻ ላይ ገና እርጥብ ሳለ ጎማው ይለበጣል። ቸኩሎ የለጠፈ ሰው ኩርባ ላይ ጎማው ይወልቅበታል። በዚህ ሥራ ላይ ችኮላ አይገባም፤ እኔ ማስቲሽ የምቀባበትን ቀን ሌላ ጉዳይ አላስጠጋበትም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ከጀርባዬ ያለው ከረጢት ውስጥ ከወደቁ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች የቆረጥኳቸው መገጣጠሚያዎች አሉ፤ እጅጌዎቹን ከቱቦው አላቅቄ አጽድቻቸዋለሁ። የፍሪጅ ጠጋኙም እዚህ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጧል፤ ስሙን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። የብር ዘንግና ማጽጃ ይዟል። መምህራኖቻችሁ ነገ ጠዋት ወርክሾፑን ይከፍቱልናል። እያንዳንዳችሁ አንድ ቱቦ በአንድ እጅጌ ውስጥ ታያይዛላችሁ፤ ከዚያ በመጋዝ ለሁለት እንሰነጥቀውና ብሩ እስከየት እንደገባ እናያለን። ባዶ ቦታ ካለ ያቺው ናት ስህተቷ፤ እሳቱ ያልደረሰበትን ጎን እናገኛለን፣ እንደግመዋለን። ሞረድ ያላችሁ ሞረዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ግማሽ ክቡ ይሻላል።

አሁን ቅረቡና እዩዋት። መጀመሪያ እጃችሁን ጥረጉ። ፔዳሏን ስታዞሩ ጣታችሁን ከካቴናው አርቁ፤ አንዴ ከዞረች በራሷ አታርፍም።